ማግማ ሲቀዘቅዝ ማዕድናት እንዴት ይፈጠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድንጋይ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእጁ ከያዘው ነው። አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው? ወርቅ ይሆን?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ አይደለም፤ ማይካ የሚባል በስስ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ነው። ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ከወርቁ ይልቅ ደስ ይሉኛል። ደጋግመው የሚነሡትን እዚህ ሰብስቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማግማና የላቫ ልዩነት ምንድን ነው?

ቦታቸው ነው። ከመሬት በታች ያለው የቀለጠ አለት ማግማ ይባላል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈስ ላቫ ይሆናል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ማግማ ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው እየተንፈቀፈቀ ያመልጣል።

ሙቀቱ እንደ ዓይነቱ ነው። እንደ ኤርታ አሌ ያለው፣ ሲረጋ ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ የሚሠራው ላቫ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ) የበዛበት ሪዮላይት የሚባለው ግን 800 ዲግሪ ላይም ገና ቅልጥ ሊሆን ይችላል። ማግማ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። በአብዛኛው ፈሳሹ፣ አተሞቻቸው በሥርዓት ተሰልፈው ረግተው በውስጡ የሚንሳፈፉት ክሪስታሎችና የጋዝ አረፋዎች አብረው ያሉበት እንደ አጥሚት ያለ ነገር ነው።

ውሃ በዜሮ ዲግሪ በረዶ ይሆናል። ማግማስ በስንት ዲግሪ ይረጋል?

ለዚህ አንድ ቁጥር የለም። ውሃ አንድ ነገር ነው፤ ማግማ ድብልቅ ነው። ድብልቅ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ላይ ድንገት ድንጋይ አይሆንም፤ በየተራ ይረጋል። በባዛልት የመጀመሪያው ክሪስታል 1200 ዲግሪ አካባቢ ብቅ ቢል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ የምትረጋው ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ በታች ከወረደ በኋላ ነው።

ምሳሌው ማእድ ቤት ውስጥ አለ። ቅቤ ተነጥሮ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ጥርት ያለ ቢጫ ዘይት ነው። ሞቅ ባለ ቦታ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተዉትና በማግስቱ ተመልከቱት። ከታች ነጣ ያለ፣ በጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ተቀምጧል፤ ከላይ ደግሞ ያልረጋ ቢጫ ዘይት ቀርቷል። ቅቤው ስለተበላሸ አይደለም። በውስጡ ብዙ ዓይነት ቅባት ስላለ፣ ቶሎ የሚረጋው ቀድሞ ረግቶ ወረደ፤ ዘግይቶ የሚረጋው ከላይ ቆየ። የላይኛውን ዘይት ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ብታንቆረቁሩት የያዛችሁት ከዚያው ቅቤ የወጣ ነገር ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ያንኑ ቅቤ ገና ትኩስ እያለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብትከቱት ደግሞ አሸዋማው ነገር ሳይታይ ልስልስ ብሎ አንድ ላይ ይረጋል።

ማግማ ውስጥ የሚሆነውም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ተራ አለ፣ ጊዜም አለ። ቀድሞ የረጋው ማዕድን የሚፈልገውን ከፈሳሹ ወስዶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ማዕድን የሚሠራው ከተረፈው ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደዚህ ይመለሳሉ።

የትኛው ማዕድን ቀድሞ ይረጋል?

በባዛልት ማግማ ብዙ ጊዜ ቀዳሚው ኦሊቪን ነው፤ ማግኒዥየምና ብረት የበዛበት፣ ሲሊካ ያነሰበት አረንጓዴ ማዕድን። ቀጥሎ ፓይሮክሲን ይመጣል፤ በቂ ውሃ ካለ አምፊቦል፣ ከዚያም ባዮታይት የሚባለው ጥቁር ማይካ ይከተላሉ። ከእነዚህ ጎን ለጎን ፌልድስፓር ከሚባሉት ነጣ ያሉ ማዕድናት አንዱ የሆነው ፕላጂዮክሌዝ ይረጋል፤ መጀመሪያ ካልሲየም የበዛበት፣ ሙቀቱ ሲወርድ ሶዲየም የበዛበት እየሆነ። ፖታሲየም ያለው ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሰልፉ መጨረሻ ናቸው።

ይህን ሰልፍ በሙከራ ያወጣው ካናዳዊው ኖርማን ቦወን ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው የካርኔጊ ተቋም የጂኦፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥቂት የአለት ዱቄት በፕላቲነም ጠቅልሎ በተወሰነ ዲግሪ ያቆየዋል፤ ከዚያ በድንገት ያቀዘቅዘዋል። በዚያች ቅጽበት ፈሳሽ የነበረው ወደ መስታወት ይለወጣል፤ ክሪስታል የነበረው ክሪስታል እንደሆነ ይቀራል። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ በዚያ ዲግሪ ላይ የቱ ረግቶ የቱ ገና እንዳልረጋ ይለያል። ከዚያ ሌላ ዲግሪ፣ እንደገና ሌላ ዲግሪ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ውጤቱን በ1922 አሳተመ፤ በ1928 ደግሞ በመጽሐፍ አሰፋው።

ቦወን ያስተዋለው ትልቁ ነገር የረጋው ክሪስታል ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ነው። ኦሊቪን በፈሳሹ ውስጥ ከቆየና ሙቀቱ ከወረደ ከፈሳሹ ጋር ተዋሕዶ ፓይሮክሲን ይሆናል። ጊዜው ካጠረ ግን ልውውጡ ሳያልቅ ይቋረጣል። ለዚህ ነው አንድ የፕላጂዮክሌዝ ክሪስታል ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኖ የምናገኘው፤ መሐሉ ካልሲየም፣ ዳሩ ሶዲየም ይበዛበታል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የቦወን ሰልፍ በየመማሪያ መጽሐፉ እንደ ሕግ ተሥሎ ይሰጣል፤ ተማሪውም በቃሉ ይይዘዋል። ሕግ አይደለም። የማግማው ቅንብር፣ ግፊቱና የውሃው መጠን ሲለወጥ ተራው ይለወጣል። ፕላጂዮክሌዝ ከፓይሮክሲን የሚቀድምባቸው ባዛልቶች ብዙ ናቸው። ቦወን ራሱ ግራናይት በአብዛኛው ከባዛልት ማግማ ተረፈ የሚገኝ ይመስለው ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙው ግራናይት የምድር ቅርፊት ራሱ ቀልጦ የተገኘ እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ በተፈጥሮ ሲሆን ያየ አለ?

አለ። ሃዋይ ውስጥ ኪላዌያ ኢኪ የሚባል ጉድጓድ አለ። በኅዳርና ታኅሣሥ 1959 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ጉድጓዱን ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ላቫ ሞላው። ላዩ ጠቁሮ ሲጠነክር የአሜሪካ ጂኦሎጂስቶች በቅርፊቱ ላይ እየተራመዱ መሰርሰሪያ ተክለው ወደ ታች ይቆፍሩ ጀመር፤ ከ1960 እስከ 1988 ድረስም እየተመላለሱ ቆፈሩ። ከታች ፍም ላይ እንደተጣደ ምጣድ የሚፋጅ ቅልጥ እንዳለ እያወቁ ከላዩ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከየጥልቀቱ ሙቀቱን እየለኩ ናሙና ስላወጡ፣ ቦወን በቤተ ሙከራ ያየውን እነርሱ ከጉድጓዱ አወጡት። ኦሊቪኑ ላቫው ሲፈነዳም አብሮ ነበረ። ሙቀቱ እየወረደ በሄደበት ክፍል ፓይሮክሲን፣ ቀጥሎ ፕላጂዮክሌዝ፣ ዘግይቶም የብረትና የቲታኒየም ጥቁር ማዕድናት ብቅ አሉ። ከ980 ዲግሪ ገደማ በታች ሁሉም ድንጋይ ነው። ከባዱ ኦሊቪን ደግሞ ወደ ታች ሰምጦ የላቫ ሐይቁን የታችኛውን ክፍል አበልጽጎታል። ላቫው ከፈሰሰ ከ20 ዓመት በኋላም መሐሉ ሙሉ በሙሉ አልረጋም ነበር።

አንዱ ድንጋይ ላይ ክሪስታሉ ጥፍር የሚያክል፣ ሌላው ላይ በዓይን የማይታየው ለምንድን ነው?

በአብዛኛው በጊዜ ምክንያት ነው። ክሪስታል እንዲያድግ መጀመሪያ ዘር ይፈልጋል፤ ጥቂት አተሞች በሥርዓት ተያይዘው የሚሠሩት ጅማሬ። ማግማ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ዘር ይያዛል፤ አተሞቹ ከሩቅ ተጉዘው ለመድረስ ጊዜ ስላላቸው እያንዳንዱ ክሪስታል ይፋፋል። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን በአንድ ጊዜ እልፍ ዘር ይበቅላል፤ እንደተጨናነቀ ቡቃያ እርስ በርሱ ተሻምቶ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ግራናይት ውስጥ ፌልድስፓሩን በዓይን የምንለየው፣ ባዛልት ግን ደፈናውን ጥቁር የሚሆንብን ለዚህ ነው።

ይህን አስቀድሞ በሙከራ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆል ነው። በ1798 ኤደንብራ ውስጥ ባቀረበው ሥራው ባዛልት መሰል ድንጋይ በምድጃ አቅልጦ፣ በድንገት ሲያቀዘቅዘው መስታወት፣ ቀስ አድርጎ ሲያቀዘቅዘው ተመልሶ ድንጋይ እንደሚሆን አሳየ። በዚያ ዘመን ባዛልት ከባሕር ውሃ የዘቀጠ ነው የሚሉ ሊቃውንት ስለነበሩ ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም።

ውፍረትም አለ። የማግማው ውፍረት እጥፍ ሲሆን የመቀዝቀዣው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። አለት ሰንጥቆ የገባ አንድ ሜትር የሚወፍር ማግማ በቀናት ወይም በሳምንታት ይረጋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚወፍረው ሺህ ዓመታት ይፈልጋል።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ ግን አለ፤ ፔግማታይት። ክሪስታሎቹ ከክንድ የሚረዝሙበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም እጅግ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ አይደለም። ፔግማታይት የሰልፉ ጭራ ነው፤ ውሃ በብዛት ያለበት የመጨረሻ ተረፈ ማግማ። ውሃው ፈሳሹን ያቀጥነዋል፣ አተሞቹን ያፈጥናል፣ የዘሩንም ቁጥር ያሳንሳል። እነ ኦሊቪንና ፌልድስፓር በአተሞቻቸው ሰልፍ ውስጥ ቦታ አጥተው ያልወሰዷቸው ሊቲየም፣ ቤሪሊየምና ታንታለም የሚጠራቀሙትም እዚሁ ነው። ጉጂ ዞን ውስጥ ያለው የቀንጢቻ ታንታለም የተገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ፔግማታይት ነው።

ባልጩት ማዕድን ነው?

አይደለም፤ መስታወት ነው። ማዕድን ለመባል አተሞቹ በሥርዓት መሰለፍ አለባቸው፤ በባልጩት ውስጥ ግን ሰልፉ ሳይጀመር ነገሩ አልቋል። ሲሊካ የበዛበት ማግማ እንደ ገንፎ ወፍራም ስለሆነ አተሞቹ በውስጡ መላወስ ያቅታቸዋል። ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ባሉበት ይደርቃሉ።

ሥርዓት ማጣቱ ግን ለሰው ልጅ ጠቅሟል። ክሪስታል በራሱ መስመር ይሰነጠቃል፤ መስታወት መስመር ስለሌለው እንደመቱት ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ከምላጭ ይሰላል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በመልካ ቁንጡሬ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች የተገኙት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎችም እስከ ቅርብ ጊዜ የተጠቀሙበት ስለዚህ ነው። ያው ማግማ በጋዝ አረፋ ተሞልቶ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፑሚስ ይሆናል፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ድንጋይ ማለት ነው።

የአክሱም ሐውልት ከግራናይት ነው የተሠራው?

ብዙ ቦታ እንዲህ ተጽፎ ታነባላችሁ። ድንጋዩ ግን ኔፈሊን ሳየናይት ነው፤ የተፈለጠውም ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው ጎበድራ ነው። ከሩቅ ግራናይት ይመስላል፤ እርሱም በመሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ፣ ቅንጣቶቹ በዓይን የሚለዩ አለት ነው። ልዩነቱ ኳርትዝ የለውም።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሶዲየምና አሉሚኒየም ሲሊካን በቂ አድርገው ካገኙ ፌልድስፓር ይሠራሉ፤ ከዚያ የተረፈ ሲሊካ ካለ ኳርትዝ ሆኖ ይረጋል። ሲሊካው ካነሰ ግን ሶዲየምና አሉሚኒየም ባላቸው ተብቃቅተው ኔፈሊን የሚባለውን ማዕድን ይሠራሉ። ስለዚህ ኔፈሊንና ኳርትዝ ከአንድ ማግማ ጎን ለጎን አይረጉም። ግራናይት ያለ ኳርትዝ ስለማይኖር፣ በ2005 ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት ግራናይት ሊባል አይችልም። ጥቃቅን ነገር ላይ መጨቃጨቅ የሚመስለው ይኖራል፤ ለእኔ ግን ያ ድንጋይ ከምን ዓይነት ማግማ እንደመጣ የሚናገረው ይኸው ነው።

በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚታዩት ትልልቅ ነጫጭ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?

ብዙ ጊዜ ፕላጂዮክሌዝ ናቸው። ማግማው ሁለት ጊዜ ቀዝቅዟል፤ መጀመሪያ ከታች ተኝቶ ቀስ ብሎ ሲበርድ ትልልቆቹ አደጉ፣ ከዚያ ድንገት ፈንድቶ ሲወጣ የቀረው ፈሳሽ በዙሪያቸው በችኮላ ደረቀ። ክብ ክብ ሆነው ነጭ ከሆኑ ግን ተጠንቀቁ፤ የጋዝ አረፋ ትቶት የሄደው ቀዳዳ በኋላ ውሃ ባመጣው ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ተሞልቶ ይሆናል። እነዚያ ከማግማ አልረጉም።

የደላንታ ኦፓል፣ የሻኪሶ ኤመራልድና የቦረና ፔሪዶት ከማግማ የረጉ ናቸው?

ሦስቱም ስማቸው ከማግማ ጋር ይነሣል፤ ታሪካቸው ግን ለየብቻ ነው።

ኦፓል ከማግማ አልረጋም። ወሎ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ ከ2008 ጀምሮ የታወቀው ኦፓል በእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋዮች መካከል የተሠራ ነው፤ ውሃ ከአመዱ ሲሊካ አሟሙቶ በስንጥቆቹ ውስጥ አኖረው። ውስጡም እንደ ኳርትዝ ያለ ሙሉ የክሪስታል ሥርዓት የለውም፤ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ድብልብሎች ተደራርበው ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው ቀለም የሚጫወትበት።

ኤመራልድ የጋብቻ ልጅ ነው። ቤሪሊየሙ የሚመጣው ከፔግማታይትና ከፈሳሹ ነው፤ አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሮሚየም ደግሞ የሚገኘው ከሰልፉ መጀመሪያ ከሚመጡት ጥንታዊ ጥቁር አለቶች ነው። ጭራውና ራሱ የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ኤመራልድም ውድ ሆነ።

ፔሪዶት ኦሊቪን ራሱ ነው፤ ጥርት ያለው ዓይነት። ቦረና ውስጥ በሜጋ አካባቢ ግን አብዛኛው በተሸከመው ማግማ ውስጥ አላደገም። ባዛልቱ ከጥልቅ ሲነሣ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ማንትል ገንጥሎ ያመጣው ስባሪ ነው። አልማዝም እንዲሁ ተሳፋሪ እንጂ የማግማው ልጅ አይደለም።

ገደል ላይ የሚታዩት ባለ ስድስት ጎን የድንጋይ ዓምዶች ግዙፍ ክሪስታሎች ናቸው?

አይደሉም። ላቫው ከረጋ በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሸበሸብ የተሰነጠቀው ነው፤ ውሃው የደረቀ ጭቃ እንደሚሰነጠቀው። የአንዱ ዓምድ ውስጥ ሚሊዮን ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ።

ክሪስታል መስመጡ ለማዕድን ፍለጋ ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል። በመሬት ውስጥ በተጠራቀመ ትልቅ ማግማ ከባድ ክሪስታሎች ሲጠራቀሙ አንድ ዓይነት ማዕድን ብቻ የሞላበት ድርብ ይሠራል። የደቡብ አፍሪካው ቡሽቬልድ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያለፈው እንዲህ ያለ አለት ነው፤ ክሮማይት የሚባለው ክሮሚየም ያለበት ማዕድን ድርቦቹ በገደሉ ላይ እንደ ጥቁር መቀነት ይታያሉ፣ በ1924 የታወቀው የፕላቲነም ድርብም ከዓለም ባለጸጋዎቹ አንዱ ነው።

በእኛም አገር ወለጋ ውስጥ ዩብዶ አለ። ድንጋዩ ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ብቻ የሆነ ዱናይት ነው፤ ከእርሱ ከተሸረሸረው አፈር ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ታጥቧል። በዚያው በብርብር ወንዝ ስም ቢርቢራይት የተባለ አለት በዓለም የጂኦሎጂ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል፤ ዱናይቱ በሲሊካ ተተክቶ የተለወጠው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

የድንቅነሽ ዕድሜ በክሪስታል ተለካ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ አጥንቷ አይደለም የተለካው፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው የፌልድስፓር ክሪስታሎች አሉ። ከፖታሲየም ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ስለሆነ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ማግማው ሲግል አርጎኑ ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ፈንድቶ ወጥቶ ሲበርድ ግን በውስጡ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሰዓቱ የሚጀምረው ከፍንዳታው ቀን ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የሚባለው በዚህ ነው። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ እንዲሆነው የተደረገውም በ2022 ከላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተዛምዶ ነው።

ከቤቴ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ይህን ማየት እችላለሁ?

አሥር እጥፍ የምታጎላ ማጉያ መነጽር ይበቃችኋል። አዲስ የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ፈልጉ፤ ዝናብና ፀሐይ የቆየበት ገጽ ምንም አያሳይም። ስብራቱን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንድ ማዕዘን ላይ እንደ መስታወት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነጣ ያለ ዘንግ ካያችሁ ፕላጂዮክሌዝ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በላዩ በመርፌ እንደተጫረ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ይኖሩታል። ጥቁር ሆኖ ደረጃ ደረጃ የሚሰነጠቀው ፓይሮክሲን ነው። ሲሰበር የሚያብረቀርቅ የጠርሙስ አረንጓዴ ቅንጣት ኦሊቪን ነው፤ አየርና ውሃ ካገኘው ግን ዳሩ እንደ ዛገ ሚስማር ቀልቶ ታገኙታላችሁ።